የተራራ መሪ ዕዳ እስከ ምን ድረስ ነው?

ሰው ለሰው በዋጋ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው። ገበሬ ጕልበቱን፥ ጸሐፊ እጁን፥ ጠበቃ ምላሱን፥ ሐኪም ዕውቀቱን ያከራያል። ዋጋውን የከፈለ ሁሉ የከፈለበትን ይጠይቃል፤ የተቀበለውም በተቀበለው መጠን ባለዕዳ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን አንድ ሰው በቀን ዋጋ ተቀጥሮ የሌላውን ሰው ሕይወት በገዛ ወገቡ ላይ ያሰረ እንደ ሆነ ዕዳው እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ቀጣሪው አደጋ ወዳለበት ምራኝ ባለው ጊዜ መምራት ግዴታው ነውን? አደጋውስ በደረሰ ጊዜ ገንዘቡን መልሶ ራሱን ማዳን ይፈቀድለታልን? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት ለክርክር ያህል የተፈጠረ እንቆቅልሽ አይደለም። በፈረንሳይ፥ በስዊስና በኢጣሊያ መካከል በተዘረጋው በአልፕስ ተራራ ላይ ከሁለት መቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን በሰው ነፍስ ሲጠየቅ የኖረ ነገር ነው።

የዚህ ሥራ ባለቤት የተራራ መሪ ይባላል። ሥራው በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ ይኸውም ተራራ የማያውቀውን እንግዳ ይዞ ወደ ጫፍ ማውጣትና በደኅና ወደ ማደሪያው መመለስ ነው። በሙቀት ወራት ድንጋዩንና ገደሉን በእጅና በእግር እየቧጠጠ ያወጣዋል፤ በብርድ ወራት ደግሞ ምድሩ ሁሉ በበረዶ በተሸፈነ ጊዜ በስኪ ይመራዋል። ስኪ ማለት በጫማ ሥር የሚታሰር፥ ረጅምና ጠባብ፥ አፍንጫው ወደ ላይ የተቈለመመ ሳንቃ ነው፤ የለመደ ሰው በዚያ ላይ ቆሞ በበረዶ ቍልቍለት ላይ ፈረስ ከሚጋልበው ፈጥኖ ይወርዳል። ስኪ ከኖርዌይ ተነሥቶ በአልፕስ መንደሮች የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ አስቀድሞ መሪው በሙቀት ወራት ያገኘውን በብርድ ወራት ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓመቱን ሙሉ እንጀራ አገኘ፤ አደጋውም ዓመቱን ሙሉ ሆነ።

በደብረ ዳሞ ገደል በጠፍር ወደ ላይ የተሳበ ሰው፥ ነፍስን በገመድ ማመን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን በደብረ ዳሞ ጠፍሩን የሚስበው መነኵሴ ከላይ በጸና መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ የሚወጣው ሰው ቢያዳልጠው የላይኛው አብሮ አይወድቅም። የአልፕስ መሪና እንግዳው ግን በአንድ ገመድ በወገባቸው ተያይዘው፥ በብዙ ስፍራም ሁለቱ በአንድነት እየተራመዱ ይሄዳሉ። እንግዳው ቢወድቅና መሪው ባይጸና ሁለቱም ይሞታሉ። ስለዚህ በገመዱ ላይ ጌታና ሎሌ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ መንደር ከወረዱ በኋላ ግን አንዱ ከፋይ፥ አንዱ ተከፋይ ነው። የጥያቄውም ሥር ከዚህ ላይ ነው።

ይህ ሥራ ከመጀመሪያው ከገንዘብ ጋራ የተወለደ ነው። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር ወደ ሞን ብላን፥ ማለት ወደ ነጩ ተራራ፥ ጫፍ የሚያደርስ መንገድ ላገኘ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ በ1760 ተናገረ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ በ1786 ዣክ ባልማ የሚባል ከተራራው የብርሌ ድንጋይ እየፈለገ የሚሸጥ የሻሞኒ ሰው ከመንደሩ ሐኪም ከፓካር ጋራ ጫፉን ረገጠ፤ ሽልማቱንም ባልማ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የሻሞኒ አዳኞችና እረኞች የውጭ አገር መኳንንትን እየመሩ ማውጣት ሥራቸው ሆነ።

በ1820 በኦገስት ወር ዶክቶር ሃሜል የሚባል ከሩስያ መንግሥት የመጣ የሳይንስ ሰው ከሁለት እንግሊዛውያንና ከብዙ መሪዎች ጋራ ወደ ሞን ብላን ወጣ። በመንገድ አየሩ ስለ ከፋ በዐለት ላይ ተጠልለው ቈዩ፤ ከዚያም ጕዟቸውን ቀጠሉ። ወደ ላይ ሲወጡ ከእግራቸው በታች ያለው በረዶ ተንዶ ከፊት ከሚሄዱት መሪዎች ሦስቱን ወደ በረዶው ስንጥቅ ጣላቸው። ሦስቱ እንግዶች ዳኑ። በሚከተለው ዓመት በ1821 የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ለተጐዳ መሪና ለሟች ቤተ ሰብ የሚሆን የርዳታ ገንዘብም አኖሩ። በበረዶ የተቀበሩት ሦስቱ ግን አልተረሱም። በአልፕስ ያለው የበረዶ ግግር እንደ ወንዝ ነው፤ ዐይን በማያየው ዝግታ ቍልቍል ይፈስሳል። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ በ1861 የቦሶን የበረዶ ግግር ከተራራው ግርጌ ላይ የአካላቸውንና የልብሳቸውን ቅሬታ አውጥቶ ሰጠ። ከዚያ አደጋ ያመለጠው መሪ ኩቴ፥ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፥ የጓደኞቹን ቅሬታ አይቶ ለየ። እነርሱ በሞቱበት ዕድሜ ቀርተው እርሱ ሸምግሎ ተገናኙ።

የዚህ ማኅበር አንድ ሥርዐት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። መሪ የሚሰጠው በተራ ነው፤ እንግዳው የወደደውን መርጦ አይወስድም ነበር። በ1857 በለንደን የተቋቋመው የተራራ ወጪዎች ማኅበር ሰዎች ይህን አጥብቀው ነቀፉ፤ ሕይወቴን ለማን እንደማምን ልምረጥ አሉ። አሳባቸው እውነት ነበረ፤ ዳሩ ግን የመንደሩም ድኾች ልጆች ነበሯቸው። ተራ ባይኖር ኖሮ ሦስት አራት ስመ ጥሩ መሪዎች ሲበለጥጉ የቀሩት ከብት ሊጠብቁ ነው። ሥርዐቱ እየላላ ሄዶ እንግዳ መምረጥ ተፈቀደለት፤ ሚዛኑም ይህ ይመስላል፤ እንጀራን በተራ ማካፈል ይቻላል፥ ነፍስን ግን በተራ ማደል አይቻልም።

አሁን ወደ ታላቁ ክስ እንሂድ። በጁላይ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች ቁመቱ 4478 ሜትር የሆነውን የማተርሆርንን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። አራቱ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ኤድዋርድ ዊምፐር፥ ቄስ ቻርልስ ሁድሰን፥ ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስና የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወጣት ሃዶ። ሦስቱ መሪዎች ናቸው፤ የሻሞኒው ሚሼል ክሮና የዜርማቶቹ አባትና ልጅ፥ ሁለቱም ፒተር ታውግቫልደር የሚባሉ። ሃዶ ለእንዲህ ያለ ገደል ልምድ አልነበረውም። ይችል እንደ ሆነ ዊምፐር ጠይቆ ነበር፤ ቄስ ሁድሰንም ይችላል ብሎ መሰከረለት፤ ወጣቱ ሌላ ጥያቄ ሳይጨመር ተቀባይነት አገኘ፤ ስለ መሪዎቹ የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበል። በገመዱ ላይ ማን እንደሚታሰር የቈረጡት ከፋዮቹ ናቸው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ግን ተከፋዮቹ ነበሩ።

ሲወርዱ ክሮ በፊት፥ ሃዶ ሁለተኛ፥ ሁድሰን ሦስተኛ፥ ዳግላስ አራተኛ፥ ከዚያም ሽማግሌው ታውግቫልደር፥ ዊምፐርና ልጅየው ታውግቫልደር ሆነው ተያያዙ። ክሮ መጥረቢያውን ወደ ጐን አድርጎ፥ በሁለት እጁ የወጣቱን እግሮች እየያዘ፥ አንድ በአንድ በሚጸኑበት ስፍራ ላይ ያኖርለት ነበር። ዊምፐር እንደ ጻፈው ክሮ ይህን ፈጽሞ እርሱ ራሱ አንድ እርምጃ ለመውረድ ፊቱን ሲመልስ ሃዶ አዳለጠውና በጀርባው ላይ ወደቀበት። ሁለቱ ሁድሰንን፥ ሁድሰን ዳግላስን ጐተተው። ሽማግሌው ታውግቫልደርና ዊምፐር እግራቸውን ተክለው ጸኑ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ በሽማግሌውና በዳግላስ መካከል ተበጠሰ። አራቱ 1200 ሜትር ያህል ወርደው ከበረዶው ግግር ላይ ወደቁ። የዳግላስ ሬሳ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የተበጠሰው ገመድ ከያዟቸው ገመዶች ሁሉ ቀጭኑና ደካማው ነበረ። ከዚህም የተነሣ ወሬ ተነሣ። ሽማግሌው ገመዱን ቈረጠው፥ አለዚያም ራሱን ለማዳን አስቀድሞ ደካማውን መረጠ ተባለ። ዳኛ ተቀምጦ ጠየቀው፤ ጥፋት አላገኘበትምና ለቀቀው። የሕዝብ ወሬ ግን ዳኛ የሰጠውን ነጻነት አይቀበልም። ታውግቫልደር አገሩን ትቶ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኋላም ተመልሶ በ1888 ከዚያው ተራራ ሥር ሞተ። ቈረጠው ያሉት ሰዎች አንድ ነገር አልመረመሩም፤ እንዲያ ባለች ቅጽበት ቢላዋ መምዘዣ ጊዜ የለም፤ ገመዱ ባይበጠስም ኖሮ ሦስቱ አራቱን መያዝ ይችሉ ነበር የሚል ማስረጃ የለም። ቀጭኑን ገመድ ማሰሩ ቸልታ ነው ቢባል ይቻላል፤ ቸልታና ግድያ ግን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ወጣቱን ወደ ገደል ያመጡት ጨዋዎች በሕዝብ ዘንድ እንደ ሰማዕታት ሲታዘንላቸው፥ ተከሳሹ ደመወዝተኛው ብቻ መሆኑ ነው።

እንግዲህ መሪው የሚሸጠው ምንድር ነው? ጕልበት ነው እንዳይባል፥ ከእርሱ የበረታ ወጣት እንግዳ ብዙ ጊዜ ይመጣል። መንገድ ማወቅ ነው እንዳይባል፥ ዛሬ መንገዱ በመጽሐፍና በካርታ ተጽፎ ይሸጣል። የሚሸጠው አንዲት ቃል ናት፤ እርሷም «እንመለስ» የምትለው ናት። እንግዳው ግን ይህችን ቃል ሊገዛ አልመጣም። እርሱ የከፈለው ለጫፉ ነው፤ ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሞ፥ ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ጫፉ መቶ ክንድ ሲቀረው እንመለስ ቢሉት የገዛውን ዕቃ የተነጠቀ ይመስለዋል። ደግሞ ይህች ቃል ምስክር የላትም። ወጥቶ የሞተ ሰው ስሕተቱን በሬሳው ያስረዳል፤ ተመልሶ በሕይወት የገባ ሰው ግን ቢወጣ ኖሮ ይሞት እንደ ነበር በምን ያስረዳል? ማዕበሉ ሳይመጣ ቢቀር መሪው ፈሪ ይባላል፤ የከርሞውን እንግዳ ያጣል። የሐኪም መድኀኒት ቢሠራ በሽተኛው ተነሥቶ ይመሰክራል፤ የመሪ መድኀኒት ግን የሚሠራው በሽታው ሳይመጣ ነው።

በስኪ ጕዞ ላይ ይህ ነገር ይልቁን ይከብዳል። ዐለት ቢከፋም ክፋቱ ይታያል፤ በረዶ ግን ገዳይ በሆነበት ቀን እጅግ ያማረ ነው። ሌሊት አዲስ በረዶ ወርዶ፥ ነፋስ በአንድ ወገን ከምሮት፥ ጧት ፀሓይ ስትወጣ ቍልቍለቱ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጥቶ እንግዳውን ይጠራዋል። ከሥሩ ግን አሮጌው በረዶ እንደ አሸዋ ተፈርክሶ አዲሱን አልያዘውም። አንድ የስኪ መሥመር ሲቈርጠው ሜዳ የሚያህል ገበታ ተገምሶ ይናዳል። ብዙው ናዳ የሚነሣው ተዳፋቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ነው፤ ሰው በስኪ ሊወርድበት የሚወደውም ይኸው ተዳፋት ነው። በናዳ የተቀበረ ሰው ወዲያው ቢያወጡት ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ ግን ተስፋው ፈጥኖ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ አዳኙ ከመንደር ሳይሆን ከጐኑ ያለው ጓደኛው ነው። መሪው በረዶውን ቈፍሮ ድርቡን በጣቱ ዳስሶ አይሆንም ሲል፥ እንግዳው የሚያየው ውብ ሜዳና አጕል ሥጋት ብቻ ነው።

በዜርማት ኡልሪክ ኢንደርቢነን የሚባል መሪ ነበር። በ1900 ተወልዶ በ2004 በመቶ ሦስት ዓመቱ ሞተ። ማተርሆርንን መጀመሪያ በ1921 ከእኅቱ ጋራ ወጣ፤ በ1925 የመሪነት ፈቃድ ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዶችን እየመራ ያንኑ ተራራ ከሦስት መቶ ሰባ ጊዜ በላይ ወጣው፤ የመጨረሻውም ዘጠና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሥራውን የተወው በዘጠና አምስት ዓመቱ ነው። ስልክ አልነበረውም፤ የሚፈልገው እንግዳ በመንደሩ አደባባይ ያገኘው ነበር። ከሰማንያ ዓመቱ በኋላ በስኪ እሽቅድምድም ገባ፤ በዕድሜው የሚወዳደረው ሌላ ሰው ስላልተገኘ ሁልጊዜ አንደኛ ይሆን ነበር። በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ገመድ አይበጠስም፤ ጋዜጣም ብዙ የሚጽፍለት አላገኘም። ሦስት መቶ ሰባውን የሚቈጥሩለት ሰዎች፥ ከደጅ የመለሳቸውን ቀኖች ግን አይቈጥሩለትም፤ ያለ እነዚያ ቀኖች ቍጥሩ እዚያ ባልደረሰ ነበር።

ዳሩ ግን መመለስም የማይቻልበት ሰዓት አለ፤ የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ይህ ነው። ዣን አንትዋን ካሬል በማተርሆርን በኢጣሊያ ወገን የሚኖር መሪ ነበር፤ በ1865 ዊምፐር ከቀደመው ከሦስት ቀን በኋላ ተራራውን በኢጣሊያ በኩል የወጣው እርሱ ነው። በ1890 በኦገስት፥ ስድሳ አንድ ዓመት ሆኖት ሳለ፥ ሲኒጋሊያ የሚባል የቶሪኖ ሙዚቀኛን ከጎሬ ከሚባል ሌላ መሪ ጋራ ይዞ ወጣ። በተራራው ላይ ካለችው ጎጆ ሲደርሱ ማዕበል ያዛቸው፤ ቀንና ሌሊት ተዘጉ፤ ስንቁም አለቀ። ያን ጊዜ ካሬል በማዕበሉ ውስጥ መውረድ ይሻላል ብሎ ፈረደ። ገመዱ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኖ፥ ዐለቱ በበረዶ ተሸፍኖ፥ ሽማግሌው መንገዱን እያገኘ አወረዳቸው። አደገኛው ሁሉ አልፎ የሳሩ መሬት ሊደርስ ሲል ጕልበቱ ከዳው፤ ከዚያው ተቀምጦ ሞተ። እንግዳው ዳነ። ዛሬ በስፍራው በስሙ የሚጠራ መስቀል ቆሟል።

ወንጌል ምንደኛን ከእረኛ የሚለየው በጎቹ የእርሱ ባለመሆናቸው ነው፤ ስለዚህ አውሬ ሲመጣ ጥሎ ይሸሻል። በካሬል ላይ ይህ መለያ ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ እርሱ በግልጽ ደመወዝተኛ ነበርና። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ካሬል የሞተው ስለ ደመወዙ አይደለም። የቀን ዋጋ ነፍስን አይገዛም፤ ማንም ዳኛ እንዲህ ያለ ውል አያጸናም። ዋጋው የገዛው እግሩንና ዕውቀቱን ነው። ገመዱን በወገቡ ባሰረ ጊዜ ግን ከውሉ በላይ የሆነ ሌላ ቃል ገባ፤ ያም ቃል በገንዘብ አልተከፈለምና በገንዘብ አይመለስም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። መሪው ለእንግዳው ሕይወት እንጂ ለእንግዳው ምኞት ባለዕዳ አይደለም፤ ስለዚህ እንመለስ ሲል ውል አያፈርስም። ከታሰረ በኋላ ግን፥ የተመለሰ ገንዘብ ከዚያ ቃል አይፈታውም።

ገመድ ባልታሰረበትስ? ለዚህ ጥያቄ በ1956 መጨረሻ በሞን ብላን ላይ የሆነው ነገር ከባድ ምስክር ነው። ዣን ቫንሳንዶንና ፍራንስዋ አንሪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በልደት ሰሞን ያለ መሪ ወጥተው ማዕበል ያዛቸው፤ በበረዶው ሜዳ ላይ ደክመው ቀሩ። ከሻሞኒ ሆኖ በመነጽር የሚመለከት ሰው በሕይወት መኖራቸውን ያይ ነበር። የመንደሩ የርዳታ ሰዎች በዚያ ብርድና በዚያ በረዶ ሰው በእግር መላክ ሌላ ሰው መግደል ነው ብለው አልወጡም። የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ላከ፤ እርሱም በዲሴምበር 31 ቀን ከወጣቶቹ አጠገብ ወድቆ ተሰበረ። ያን ጊዜ አዳኞቹ ራሳቸው አዳኝ የሚሹ ሆኑ። መንቀሳቀስ ያልቻሉትን ሁለቱን ወጣቶች በተሰበረው ሄሊኮፕተር ሆድ ውስጥ አስተኝተው ተለዩአቸው። አብራሪዎቹ በጃንዋሪ 1957 መጀመሪያ በሌላ ሄሊኮፕተር ተወሰዱ፤ ለወጣቶቹ ግን ተስፋ የለም ተብሎ ፍለጋው ተቋረጠ። ሬሳቸው የተነሣው በማርች ነው።

ሊዮኔል ቴሬ የሚባል ስመ ጥሩ መሪ ይህን ሊሸከም አልቻለም። ጥቂት ፈቃደኞችን ይዞ በእግሩ ወጣ፤ ሳይደርስ ተመለሰ፤ ከሻሞኒ መሪዎች ማኅበርም ጋራ ተለያየ። ያልወጡት መሪዎች ፈሪዎች ነበሩ ማለት ቀላል ፍርድ ነው፤ ብዙዎቹ በዚያ ተራራ ላይ ስንት ሰው ያወረዱ፥ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሄሊኮፕተሩም መሰበር ሥጋታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ያስረዳል። ከወጣቶቹ ጋራ ውል አልነበራቸውም፤ ገመድም አልታሰሩም። ውል ከሌለ የሚቀረው ምሕረት ነው፤ ምሕረትን ደግሞ ከሰው መለመን እንጂ እንደ ዕዳ ማስከፈል አይቻልም። ነገር ግን ይህ ክርክር ምንም ያህል የጸና ቢሆን፥ በዚያ ሳምንት በመነጽር ይመለከቱ የነበሩት ሰዎች ዐይን ፊት ብዙ አይቆምም። ቴሬም ወጣቶቹ ያለ መሪ መሄዳቸው ጥፋት አይደለም አላለም፤ ጥፋተኛ ሰው በብርድ ይሙት የሚል ሕግ ግን አላወቀም።

ከዚህ ነገር በኋላ በ1958 በሻሞኒ ለተራራ ርዳታ የተለየ የጀንዳርም ጓድ ተቋቋመ። ዛሬ በዚያ ተራራ ሰው ሲጠፋ የሚወጣው ደመወዙን መንግሥት የሚከፍለው ሰው ነው፤ የጠፋው ከመሪ ጋራ ነበር ወይስ ያለ መሪ ብሎ አይጠይቅም። በርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ የሞቱም ከጓዱ መካከል አሉ። ቴሬ ግን እስከ መጨረሻው መሪ ሆኖ ኖረ፤ በሴፕቴምበር 1965 በአርባ አራት ዓመቱ፥ በፈረንሳይ በቬርኮር ገደል ላይ ከአንድ ጓደኛው ጋራ በአንድ ገመድ ታስሮ ሳለ፥ ሁለቱም አብረው ወድቀው ሞቱ።